ከካርቶን እስከ ደንበኛ፦ የአንድ ብስክሌት መደብር የአዲስ ዓመት ዝግጅት ማስታወሻ

ነሐሴ 5

ለአዲስ ዓመት ገበያ ያዘዝናቸው ብስክሌቶች ዛሬ ከአዲስ አበባ ተጭነው ባሕር ዳር ገቡ። ጭነቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በካርቶን የታሸጉ አዳዲስ ብስክሌቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ አገልግለው ከውጭ የገቡና በገመድ ተጠፍረው የመጡ፣ አብዛኞቹም የጃፓን የከተማ ብስክሌቶች ናቸው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ዕቃው ከመኪና ከወረደበት ጊዜ አንሥቶ ተገጣጥሞ፣ ተፈትሾና ዋጋ ወጥቶለት ከገዢ እጅ እስኪገባ ድረስ የሚደረገውን ሥራ በቅደም ተከተል ለማስፈር ነው። በዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራ የሚለዩት ብስክሌቱ በር ላይ ከመቆሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ ገዢው ግን ይህን ሥራ አያየውም፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያነሣውም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ርክክብ ነው። ሾፌሩ «ፈርሙልኝና ልሂድ፣ መሽቶብኛል» ቢልም ካርቶኖቹ አንድ በአንድ ሳይታዩ አይፈረምም። የካርቶኑ መሐል ቢቦጨቅ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለም ጭረት አያልፍም፤ የታችኛው የፊት ጥግ ከተበሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፊት ጎማው ወልቆ ከጎን ስለሚታሰር በዚያ በኩል ክብደቱን የሚሸከሙት የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ሁለት ጫፎች ናቸውና። ደህና ፋብሪካ በእነዚህ ጫፎች መካከል የፕላስቲክ መወጠሪያ ያስገባል፤ መወጠሪያው ወልቆ ከተገኘ ካርቶኑን እዚያው ሾፌሩ ፊት ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ሌላው ተጋላጭ ቦታ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ያለበት የቀኝ ጎን ነው። ካርቶኖቹ ተደራርበው የዓባይን በረሃ ጥምዝምዝ መንገድ ሲወርዱና ሲወጡ፣ ከሥር የተጫነው ብስክሌት የማርሽ ቀያሪ መስቀያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መስቀያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከታጠፈ በኋላ በብሎን ማስተካከያ የሚስተካከል ማርሽ የለም፤ መስቀያውን ራሱን ማቃናት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ገጣጣሚ ግማሽ ቀን ብሎኖቹን ሲያዞር ይውላል፣ ገዢው ደግሞ በኋላ ጥፋቱን በማርሹ ዓይነት ላይ ያላክካል።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥር ይመዘገባል። ቁጥሩ በአብዛኛው የተቀረጸው የፔዳል ዘንጉ ከሚገባበት ቱቦ በታች ስለሆነ ብስክሌቱን ገልብጦ ማየት ይጠይቃል። ቁጥሩን በመዝገባችን ላይ ብቻ ሳይሆን ለገዢው በምንሰጠው ደረሰኝ ላይም እንጽፈዋለን። ብስክሌት በተሰረቀ ጊዜ ባለቤቱ «ቀይ ነው፣ ባለ ማርሽ ነው» ከማለት ያለፈ ማስረጃ የሚኖረው ይህ ቁጥር በእጁ ካለ ብቻ ነው።

ነሐሴ 7

መገጣጠም ተጀመረ። አስመጪዎች አዲስ ብስክሌት 85 በመቶ ተገጣጥሞ እንደሚመጣ ይናገራሉ፤ የቀረው የፊት ጎማውን፣ መሪውን፣ ፔዳሎቹንና ኮርቻውን መግጠም ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ገጥሞ የላከው ክፍል የተዘጋጀው ለጉዞ እንጂ ለመንገድ አይደለም። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሞዞው (ቸርኬው መሐል ሆኖ የሚዞረው ክፍል) ኩሽኔታዎች በቂ ግራሶ ሳይቀቡ ይታሰራሉ፣ ኩሽኔታውን ከጎን የሚይዙት ኮኖች ከሚገባው በላይ ይጠብቃሉ፣ የቸርኬው (ጎማው የሚለብስበት ክብ) ሽቦዎችም በማሽን ተወጥረው የሰው እጅ ሳያያቸው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሥራው የሚጀምረው የቀረውን ከመግጠም ሳይሆን የተገጠመውን ከመፈተሽ ነው።

መጀመሪያ የሹካው አቅጣጫ ይታያል። ሹካው ወደ ኋላ ዞሮ ለሽያጭ የቆመ ብስክሌት በብዙ ከተማ አይቻለሁ፤ ካርቶን ውስጥ ሹካው ለቦታ ቁጠባ ተጠምዝዞ ስለሚታሸግ፣ የቸኮለ ገጣጣሚ ባገኘው አቅጣጫ መሪውን ያስርበታል። የታጠፈ ሹካ ከሆነ እጥፋቱ ወደ ፊት መመልከት አለበት፤ ቀጥ ያለ ሆኖ ዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ የፍሬኑ መያዣ በግራው እግር በስተኋላ በኩል መገኘቱ ምልክት ነው። የተገላበጠ ሹካ ያለው ብስክሌት ሲነዱት ይቅበዘበዛል፣ በመታጠፊያ ላይም የነጂው ጫማ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል።

መሪው ወደ አንገት ቱቦው የሚሰካ ዓይነት ከሆነ፣ በግንዱ ላይ የተቀረጸው የዝቅተኛ ጥልቀት መስመር ከውጭ መታየት የለበትም። ረጅም ሰዎች መሪው ከፍ እንዲልላቸው ሲጠይቁ መስመሩን አሳይቼ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ከወጣ መንገድ ላይ በእጅዎ ይቀራል» እላቸዋለሁ፤ ይህን ሰምቶ የተከራከረኝ የለም። አንገቱ ከውጭ የሚታቀፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የላይኛው ብሎን ሥራው የኩሽኔታውን ልቅነት ማስወገድ እንጂ መሪውን መያዝ አይደለም። በቅድሚያ እርሱ በልኩ ይጠብቃል፣ ከዚያ የጎን ብሎኖቹ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ድረስ ይታሰራሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የላይኛው ብሎን የቱንም ያህል ቢጠብቅ የአንገቱ ልቅነት አይጠፋም።

ፔዳል ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ግን እንደ ፔዳል ብዙ ዕቃ የሚያበላሽ ነገር አላውቅም። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ «ኤል» ወይም «አር» የሚል ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። የፔዳል ክንዱ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ የፔዳሉ ብሎን ደግሞ ብረት በመሆኑ፣ ያለ ቦታው በኃይል የገባ ፔዳል የክንዱን ጥርስ ይልጠዋል፤ ክንዱም ይጣላል። ደንባችን ጥርሱን ግራሶ መቀባት፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ያለ መፍቻ በጣት ብቻ ማስገባት፣ ከዚያም በ15 ሚሊ ሜትር መፍቻ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ድረስ ማጥበቅ ነው። የፔዳል ክንዱን ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ የሚይዘው ብሎንም የሚጠይቀው ኃይል በዚሁ መጠን አካባቢ ነው፤ ስለ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በእኛ መደብር ገጣጣሚዎች የሚከፈላቸው በቀን እንጂ በብስክሌት ቁጥር አይደለም። በቁጥር የሚከፍሉ መደብሮች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ወጪያቸውም ሲታይ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን በቁጥር የሚሠራ ሰው ሞዞ ከፍቶ ግራሶ አይጨምርም፣ የጠበቀ ኮን አያላላም፣ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ከውጭ አይታይም። የተቆጠበው ገንዘብ በጥቂት ወራት ውስጥ በነፃ ጥገና መልክ ተመልሶ ይወጣል።

ነሐሴ 9

የሞዞና የቸርኬ ሥራ። ሞዞውን በጣት ይዞ ሲያዞሩት አሸዋ እንደገባበት የሚንገራገር ከሆነ ኮኑ ጠብቋል ማለት ነው፤ ቸርኬውን ይዞ ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ላልቷል። ጎማው በዳዶ ሳይሆን በእጅ በሚቆለፍ ማሰሪያ የሚታሰር ከሆነ ኮኑ ትንሽ ላላ ብሎ እንዲቀር ይደረጋል፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ቀሪውን ልቅነት ይወስደዋልና። በተለመዱት ሞዞዎች ውስጥ ከፊት በኩል የ3/16 ኢንች፣ ከኋላ በኩል የ1/4 ኢንች ኳሶች ይገኛሉ፤ ሁለቱን መጠኖች በተለያየ ቆርቆሮ ማስቀመጥ ልጆቹን ካስተማርኳቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው።

ቸርኬ ማቅናትን በሚመለከት የከተማችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት ይጠይቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ለብስክሌት የተመቸች ናት፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቿ ግን ኮብልስቶን ናቸው፣ ብስክሌቱም እምብዛም አንድ ሰው ብቻ አይጭንም። ከኋላ መጫኛው ላይ ጓደኛ፣ እህት ወይም የጤፍ ከረጢት ይኖራል። ይህ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በኋላ ቸርኬ ላይ ነው፤ ከኋላ ቸርኬም ይበልጥ የሚጨነቁት ሰንሰለቱ በሚያርፍበት ጥርስ በኩል ያሉት የቀኝ ሽቦዎች ናቸው። ጥርሶቹ ቦታ ስለሚይዙ የቀኝ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቸርኬውን መሐል ላይ ለመያዝም የበለጠ ይወጠራሉ። አንድ ሽቦ ተበጥሶ የሚመጣ ብስክሌት ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የሚበጠስበት በዚያ በኩል ነው ብዬ ብናገር ከዚህ ሙያ ሰው የሚቃወመኝ አይኖርም።

ስለዚህ የኋላ ቸርኬ ሲቃና፣ ቀጥ ማለቱ ብቻ አይበቃም። ሽቦዎቹ በጣት ሲነኩ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ እንደ ክራር ቅኝት ነው። ከዚያም ትይዩ የሆኑትን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በእጅ ጨብጦ በኃይል መጭመቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ተጠምዝዘው የቆዩት ሽቦዎች «ጠሽ ጠሽ» እያሉ ወደ ቦታቸው ይገባሉ፣ ቸርኬውም ትንሽ ይጣመምና እንደገና ይቃናል። ይህ ካልተደረገ ያው ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮብልስቶኑ ላይ በራሱ ይፈጸማል፤ ገዢው ቸርኬው ተጣሞበት ይመለሳል፣ ፋብሪካውንም እኛንም ያማል።

ነሐሴ 14

ያገለገሉትን መለየት ጀመርን። እነዚህ የጃፓን ብስክሌቶች ከፊት ቅርጫት፣ ከኋላ ጎማ ላይ ክብ ቁልፍ፣ ሰንሰለቱን የሚሸፍን ላሜራ፣ ብዙዎቹም በሞዞው ውስጥ የተደበቀ ባለ 3 ማርሽ ያላቸው ናቸው። በዋጋቸው ደረጃ ካለ ከማንኛውም አዲስ ብስክሌት ይልቅ ጠንካራ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ወገቡ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀሚስና ነጠላ ለለበሰችም፣ ዕድሜያቸው ለገፋም ሰዎች ይመቻል። በሞዞው ውስጥ ያለው ማርሽ ከአቧራና ከጭቃ የተጠበቀ ስለሆነ ክረምት አይጎዳውም።

ሦስት ነገሮች ግን ከሽያጭ በፊት መታየት አለባቸው። አንደኛው፣ ጃፓን ውስጥ የፊት ፍሬን የሚታዘዘው በቀኝ እጅ ነው፤ ከቻይና የሚመጡት አዳዲሶቹ ግን አብዛኞቹ የፊት ፍሬናቸው በግራ ነው። ቀኝ እጁን ለኋላ ፍሬን የለመደ ሰው ሳያውቅ የፊቱን በድንገት ቢይዝ ቁልቁለት ላይ በመሪው ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ካቦዎቹን እናለዋውጣለን፣ ካቦው ለዚያ የማይደርስ ከሆነም ለገዢው አስይዘን እናሳየዋለን። ሁለተኛው የኋላ ፍሬን ነው፤ ከሞዞው በስተግራ ባለ ክብ ከበሮ ላይ የሚሠራ ሲሆን በብዙዎቹ ላይ ሸራው ሲያረጅ ሰፈር የሚያነቃ ጩኸት ያሰማል። ለዚህ ፍሬን ተስማሚ ሸራ በገበያችን በቀላሉ ስለማይገኝ፣ የሚጮኸውን ዝም ለማሰኘት ዘይት የሚያንጠባጥብበት መካኒክ አጋጥሞኛል። ጩኸቱ ይቆማል፤ ፍሬኑም አብሮ ይቆማል። ሦስተኛው የቫልቭ ጉዳይ ነው፣ እርሱም ከጎማ ልክ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ለብቻው እጽፈዋለሁ።

ከመንገድ የሚመጣ ያገለገለ ብስክሌትን በተመለከተ ያለን ደንብ አጭር ነው፦ ደረሰኝ ወይም የባለቤትነት ማስረጃና መታወቂያ ከሌለ አንገዛም። ዋጋው የረከሰ ብስክሌት ይዞ «ቸገረኝና ልሽጠው» የሚል ወጣት በየሳምንቱ ይመጣል። ከመካከላቸው በእውነት የቸገረው እንዳለ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም መደብር አንድ ጊዜ የተሰረቀ ዕቃ ከያዘ ስሙን የሚያጸዳበት ዘመን ረጅም ነው።

ነሐሴ 17

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የጎማና የከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ) መደርደሪያውን እንደ አዲስ አደራጀን። ከብስክሌት ንግድ ዕውቀት ሁሉ ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ እንድነግር ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው።

ደንበኛው ገብቶ «ባለ 26 ጎማ ስጠኝ» ይላል። «26» የሚለው ቁጥር ግን የሚናገረው ጎማው ተነፍቶ ከውጭ በኩል ያለውን ግምታዊ ዲያሜትር በኢንች እንጂ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ልክ አይደለም። 26 በ1.95 የተባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ የሚቀመጠው 559 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ቸርኬ ላይ ነው። 26 በ1 3/8 የተባለው፣ ማለትም አብዛኞቹ የጃፓን ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት፣ የሚቀመጠው በ590 ላይ ነው። 26 በ1 1/2 ደግሞ 584 ነው። ሦስቱም «ባለ 26» ይባላሉ፣ አንዱም ግን በሌላው ቦታ አይገባም። ከሁሉ የሚያስገርመው 26 በ1.75 እና 26 በ1 3/4 በሒሳብ አንድ ቁጥር ሆነው ሳለ ሁለት የተለያዩ ጎማዎች መሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው 559፣ ሁለተኛው 571 ነው። ነጥብ ያለውና ክፋይ ያለው አጻጻፍ እንደማይለዋወጥ ያወቀ ሻጭ ከግማሽ በላይ የሆነውን ንትርክ ያስቀራል።

መፍትሔው በጎማው ጎን ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አይ ኤስ ኦ 5775 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለት ቁጥሮችን በሰረዝ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ 37-590 ቢል የመጀመሪያው የጎማውን ወርድ፣ ሁለተኛው የቸርኬውን መቀመጫ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሻጩ ማንበብ ያለበት ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ስለዚህ መደርደሪያውን ከእንግዲህ በ«26» እና በ«28» ሳይሆን በዚህ ቁጥር ከፋፈልነው፦ ለልጆች 203፣ 305፣ 406 እና 507፤ ለተራራ ብስክሌት 559፤ አሁን በብዛት ለሚመጣው 27.5 ደግሞ 584፤ ለጃፓኖቹ 590፤ ለ700 እና ለ29 ሁለቱም 622፤ ለጥንቱ ባለ ዘንግ ፍሬን የቻይናና የህንድ ብስክሌት 635። 700ም 29ም በአንድ ቸርኬ ልክ ላይ እንደሚቀመጡ ስነግረው አዲሱ ሻጫችን አላመነኝም ነበር፤ ሁለት ጎማ አምጥቶ ራሱ ካነበበ በኋላ ተቀበለ።

ከሰዓት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በጣም የቆየ ጥቁር ብስክሌት እየገፉ መጥተው «ልጄ፣ ለዚች ጎማ ጠፍቶብኝ ከተማውን ዞርኩ፤ ሁሉም 28 ነው ብሎ ይሰጠኛል፣ አንዱም አልገባ አለ» አሉኝ። ቸርኬያቸው 635 ነው፤ ሲሰጧቸው የቆየው 622 ነበር። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያለው ጎማ በማንም ጉልበት አይገባም። መጋዘን ውስጥ 40-635 ስለነበረን ወዲያው ገጠምንላቸው።

ከመነዳሪ ላይ ግን ነገሩ ይለሰልሳል። ላስቲኩ ስለሚለጠጥ የ559 ከመነዳሪ ለ584 ያገለግላል፤ ወርዱ ተቀራራቢ ከሆነ ለ590ም በችግር ጊዜ ይሆናል። ከመነዳሪ ላይ ዋናው ጥያቄ ቫልቩ ነው። የጃፓኖቹ ብስክሌቶች የሚመጡት በውስጡ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ባለው የደንሎፕ ቫልቭ ነው፤ ይህ ላስቲክ በሙቀት ይደርቅና አየር ያስተነፍሳል፣ የጎሚስታው የመኪና መንፊያ አፍም አይገጥመውም። ይሁንና የቸርኬው ቀዳዳ ለመኪና ዓይነቱም ቫልቭ ይበቃል። ስለዚህ ያገለገሉትን በሙሉ ከመሸጣችን በፊት የመኪና ዓይነት ቫልቭ ባለው ከመነዳሪ እንተካቸዋለን። ወጪው ትንሽ ነው፤ ገዢው በየትኛውም ሰፈር ያለ ጎሚስታ ዘንድ ጎማውን ሊያስነፋ ይችላል። የኮርሳ ብስክሌቶች ቀጭን ቫልቭ ግን የተለየ ነው፤ ለእርሱ የተበሳው ጠባብ ቀዳዳ የመኪናውን ስለማያስገባ፣ ቸርኬውን በመሰርሰሪያ ከማስፋት የናሱን ትንሽ ቆብ መሸጥ ይሻላል። ቆቡ በቫልቩ ላይ ሲጠመዘዝ የመኪና መንፊያ ይቀበላል።

ነሐሴ 20

ሰንሰለትና ማርሽ። ያገለገለ ሰንሰለት የሚለካው በዓይን ሳይሆን በማስመሪያ ነው። የአንዱ ዓይን ርዝመት ግማሽ ኢንች በመሆኑ 24 ዓይኖች፣ ማለትም 12 ሙሉ ጥንዶች፣ አዲስ ሲሆኑ ልክ 12 ኢንች ይሞላሉ። ከ12 ኢንች 1/16 ካለፈ ሰንሰለቱ ይለወጣል፤ 1/8 ካለፈ የኋላ ጥርሱም አብሮ መለወጥ አለበት፣ ምክንያቱም ያረጀው ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት አልቀበልም ብሎ ይዘላል። ብዙ ደንበኞች «ሰንሰለቱን ብቻ ቀይርልኝ» ብለው ይከራከራሉ፤ ስለዚህ ማስመሪያውን ሰንሰለቱ ላይ አስቀምጬ ራሳቸው እንዲያነቡ አደርጋለሁ። ሌላው የሚሳሳት ነገር ወርዱ ነው፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ሰንሰለት 1/8 ኢንች፣ ባለ ማርሹ ደግሞ 3/32 ኢንች ነው፣ ሰፊውም በባለ ማርሹ ላይ አይሠራም።

ነሐሴ 25

ዋጋ ማውጣትና ማሳያ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ዋጋ የሚወጣው ዕቃው በተገዛበት ሒሳብ ሳይሆን መልሶ ለመግዛት በሚጠይቀው ሒሳብ ነው። ይህን ያልተከተለ ነጋዴ ሁሉንም ሸጦ በሰበሰበው ገንዘብ ግማሹን ብቻ መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ደንበኛው ይህን ስስት አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

በአንድ ሙሉ ብስክሌት ላይ የሚገኘው ትርፍ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ታስሮ ይቆያል፣ ቦታ ይይዛል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱም አለ። መደብሩን የሚያኖሩት ከመነዳሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቁልፍ፣ መንፊያ፣ ፓራፋንጎና ጥገና ናቸው። ስለዚህ በድርድር ጊዜ ከዋጋው ከመቀነስ ቁልፍ ወይም የእጅ መንፊያ መመረቅ ይመረጣል፤ ለእኛ የሚያስወጣው የጅምላ ዋጋውን ሲሆን ለገዢው የሚታየው የችርቻሮ ዋጋው ነው፣ እርሱም ቢሆን ያለ ቁልፍ ከዚህ አይወጣም። ይህ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ሽፍጥ አይደለም።

ማሳያ ላይ ያለን ሕግ፣ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት በር ላይ አይቆምም የሚል ነው። ቀዳዳ የሌለው ከመነዳሪም ቢሆን ቀስ በቀስ አየር ያጣልና በየሳምንቱ እንነፋለን፤ መጠኑ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ወሰን አይበልጥም።

ጳጉሜን 3

ገበያው ደራ። ከሁሉ ይበልጥ የሚሸጠው የልጆች ብስክሌት ነው፤ ወላጆች ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላቸው፦ «ያድጋል፣ ተለቅ ያለውን ስጠኝ»። ለጫማና ለዩኒፎርም የሚሠራ ስሌት ለብስክሌት አይሠራም። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ማቆም አይችልም፣ ፍሬን ለመያዝም ጣቱ አይደርስም። አንዲት እናት ለሰባት ዓመት ልጃቸው ባለ 24 ካልወሰድኩ ብለው ነበር፤ ልጁን ባለ 20ው ላይ አስቀምጬ ግቢ ውስጥ እንዲዞር አደረግሁ፣ ቀጥሎ ባለ 24ቱ ላይ። ሁለተኛው ላይ ገና ሳይነሣ እናቱ «በቃ፣ በቃ፣ አውርደው» አሉ።

ለአዋቂ የኮርቻ ልክ የምንይዘው በተረከዝ ነው፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ላዩ ላይ ተቀምጦ እግር ቀጥ ማለት አለበት። የእግር ፊተኛው ክፍል በተለመደው ቦታ ሲመለስ ጉልበት በሚፈለገው መጠን ይታጠፋል። በከተማችን አብዛኛው ሰው ኮርቻውን እጅግ ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ ጉልበቱን ያመዋል፤ ይህችን ጥቂት ደቂቃ ከወሰድንለት ደንበኛው ብስክሌቱን ይወደዋል።

ወጣቶቹ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ የፊትና የኋላ ሾክ፣ እንዲሁም 21 ማርሽ። በዚህ ዋጋ የሚሠራ የኋላ ሾክ ክብደት ይጨምራል፣ በየፔዳሉ ምት ጉልበት ይበላል፣ መጋጠሚያውም በአንድ ክረምት ይላላል፤ በሜዳ ከተማ ላይ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሾክ የሌለው ጠንካራ ሹካና ሰፋ ያለ ጎማ ኮብልስቶኑን ይበልጥ ያለሰልሰዋል። ይህን እናገራለሁ፣ ሰምቶ የሚመለስ አለ፣ «ግን ያምራል» ብሎ የሚገዛም አለ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ መሪው የታጠፈ የኮርሳ ብስክሌት የሚጠይቁም አሉ፤ ለእነርሱ ሁልጊዜ የምጠይቀው የሚነዱበትን መንገድ ነው። አስፋልት ላይ ለመለማመድ ከሆነ ደስ ብሎኝ እሸጣለሁ፤ በኮብልስቶን ትምህርት ቤት ለመመላለስ ከሆነ ቀጭኑ ጎማ በሳምንት ውስጥ ወደ ጎሚስታ ይወስዳቸዋል።

ጥቅምት 8

ለነፃ ፍተሻ የተጠሩት ደንበኞች እየመጡ ነው። እያንዳንዱ ገዢ ከአንድ ወር ግልቢያ በኋላ እንዲመለስ ደረሰኙ ላይ ጽፈን ነበር፤ ካቦዎቹ በሽፋናቸው ውስጥ ቦታ ስለሚይዙ ፍሬንና ማርሽ በዚህ ጊዜ ይላላሉ፣ ሽቦዎቹም እንደገና ይታያሉ። ነሐሴ ላይ ሽቦዎቻቸው በእጅ የተጨመቁት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ነው የመጡት።

በዚህ ፍተሻ ከሁሉ በፊት የሚነካው የግራ ፔዳል ክንድ ብሎን ነው። ክንዱ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተጠቅጥቆ የሚቀመጥ በመሆኑ ከጥቂት ቀናት ግልቢያ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ብሎኑም ላልቶ ይገኛል። ያን ጊዜ እንደገና ከተጠበቀ ዕድሜውን ሙሉ ይሠራል። ሳይጠበቅ «ቋ ቋ» እያለ ከተነዳ ግን የብረቱ ዘንግ የአሉሚኒየሙን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ በምንም ኃይል ቢታሰር ይላላል፣ በላሜራ ቁራጭ የሚሞሉትም ሰዎች የሚያተርፉት ሳምንት ብቻ ነው። ከሌላ መደብር የተገዙ ብስክሌቶች ለጥገና ሲመጡልን በብዛት የምናየው ጉዳት ይህ ነው።

ለሚቀጥለው ጭነት ትእዛዙ ዛሬ ተላከ። የ590 ጎማና የመኪና ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ በእጥፍ፣ የግራ ፔዳል ክንድ ለብቻው፣ 635 ጎማ ጥቂት፣ 1/8 ሰንሰለት፣ የኋላ ሽቦ በሁለት ርዝመት ታዟል። የኋላ ሾክ ያላቸውን ብስክሌቶች ከዝርዝሩ አስወጥተናል፤ አስመጪው «ወጣቱ የሚፈልገው እርሱን ነው» ብሎ ተከራክሯል፣ በምትኩ ባለ 20 እና ባለ 24 የልጆች ብስክሌት እንዲጨምር ተስማምተናል።